ዝንብ ያረባሁበት ክረምት

ሰኞ፣ ሐምሌ 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይህን መጻፍ ይኑርብኝ አይኑርብኝ አላውቅም። ግን ለሰው ከምናገረው ለወረቀት ብነግረው ይቀለኛል። ዝንብ እያረባሁ ነው።

መልሼ ሳነበው ራሴም ደነገጥኩ። አባቴ አቶ ገረመው የቀበሌያችን የጽዳት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ናቸው። ትናንት በስብሰባው ላይ ተነሥተው፣ "ዝንብ ፀረ ሕዝብ ናት! እስከ አሥረኛው የአብዮት በዓል ድረስ በቀበሌያችን አንዲት ዝንብ እንዳትገኝ!" ሲሉ ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጬ አጨብጭቤያለሁ። ከዚያ ቤት ገብቼ ለዝንቦቼ የበሰበሰ ሙዝ ጨመርኩላቸው።

ዝንቦቹ የሚስስ ኢንግሪድ ናቸው። ሚስስ ኢንግሪድ ከምሥራቅ ጀርመን የመጡ የእርሻ መምህርት ናቸው፤ ከወሎ ሰፈር ትንሽ ከፍ ብሎ ካለው ግቢ ተከራይተው ይኖራሉ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ቤት ከቀረሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቤታቸውን አጸዳላቸዋለሁ። የቀጠሩኝ ዝም ስለምል ነው። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ እየዘፈነች ነበር የምትጠርገው፤ እንቁራሪቶቹ አልወደዱላትም። "አንተ ዝም ትላለህ። አንተ በጣም ጥሩ ነህ" አሉኝ። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። ዝም ማለቴን ጥሩ ነው ያለኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ እሳቸው ብቻ ናቸው።

እንቁራሪቶቹ አራት ናቸው። ሰማያዊ ናቸው፤ ልክ እንደ አዲስ የትምህርት ቤት ቀለም፣ በላዩ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት። ትልቋ ከአውራ ጣቴ ጫፍ ብዙ አትበልጥም። ከሩቅ አገር ጫካ የመጡ ዘሮች ናቸው፤ በመስታወት ሳጥን ውስጥ በእርጥብ ቅጠል መካከል ይኖራሉ። በሕይወት ያለና የሚንቀሳቀስ ነገር ካልሆነ አይበሉም። የሞተ ነገር ፊታቸው ብታስቀምጪ እንደ ጠጠር ያዩታል።

ሚስስ ኢንግሪድ ለክረምቱ ወደ አገራቸው ሲሄዱ አደራውን ለእኔ ሰጡኝ። ያስጠኑኝን በቃሌ እደግመዋለሁ። ምግቡ በእንቁራሪቷ ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት አይብለጥ። የሚነክስ ጉንዳን አይሁን። ከሽንት ቤት የመጣ አይሁን። ከሁሉም በላይ፣ መድኃኒት የተረጨበትን ቦታ የነካ አይሁን። ለዚህ ነው ዝንቦቹን በጠርሙስ የሚያረቧቸው። ደቃቅ ናቸው፤ ክንፍ አላቸው ግን መብረር አይችሉም። ቤታቸው ስለሚበርድ ጠርሙሶቹን ወደ እኛ ማድቤት አምጥቼ ከከሰሉ ጆንያ ኋላ ደበቅኳቸው።

ለእንቁጣጣሽ ይመለሳሉ። በሚያስተምሩበት ቦታ ለጥናት ነፍሳት የሚያረቡበት ክፍል አለ፤ ጠባቂ ሰው ይፈልጋሉ። እንቁራሪቶቹን በደህና ካቆየሁ እዚያ ሊያስቀጥሩኝ ቃል ገብተውልኛል። ለማንም አልተናገርኩም። አባባ፣ "ያለ ሰርተፊኬት ማን ይቀጥርሻል?" ነው የሚሉት። ዝንብ ሰርተፊኬት አይጠይቅም ልላቸው እፈልጋለሁ። አልልም እንጂ።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 4

የሚስስ ኢንግሪድ ዘበኛ ጋሽ ገብረየስ ወደ እንቁራሪቶቹ ክፍል አይገቡም። ዛሬ በመስኮቱ በኩል ቆመው፣ እንደ ልማዳቸው በትግርኛ ልጄ ብለው ጠየቁኝ።

"ጓለይ፣ እነዚህ መርዛም ናቸው ይባላል፤ እውነት ነው?"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"ራስሽን አትነቅንቂ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ዓይኔ አያይም፤ በአፍሽ ንገሪኝ።"

በአፌ ነገርኳቸው። በአገራቸው ጫካ የሚበሉት ጉንዳን ነው መርዝ የሚያደርጋቸው፤ እዚህ የጠርሙስ ዝንብ ብቻ ስለሚበሉ መርዙ ጠፍቷል።

"ትጥቅ ፈትተዋል በይኛ!" አሉና ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። "ምስኪኖች።" ግን አልገቡም።


እሑድ፣ ሐምሌ 8

አለቀልኝ።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እማዬ በረንዳው ላይ ተቀምጣ በአመድና በአሸዋ ጠርሙስ ታሻለች። ሁለቱንም። የፈላ ውሃ ጨምራ ደግማ ታሻለች።

"ነይ እዪ!" አለችኝ። "ከከሰሉ ኋላ ምን እንዳገኘሁ ታውቂያለሽ? ትል! በገረመው ማድቤት ትል! ይህን እትዬ ዘርፌ በአጥሩ ቀዳዳ አይታው ቢሆን እስከ ኦሎምፒያ ድረስ አውርታው ታድር ነበር። ማን ነው እዚያ ያስቀመጠው?"

ዝም አልኩ።

"ማርማላታ ደብቀሽ ስትበዪ ነው፤ አይደል? ግድ የለም፣ የልጅ ነገር ነው። ይኸው አሁን ለእንግዳ ውሃ ይቀርብበታል።" ወደ ፀሐይ አነሣቻቸው። እውነትም አበሩ።

ዝም ባልል ኖሮ ቀድሜ እነግራት ነበር። ቀድሜ ብነግራት አትነካቸውም ነበር። ይህን ዛሬ ሦስቴ አስቤዋለሁ፤ ነገም የማስበው ይመስለኛል።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 10

ቶሎ ነው የምጽፈው፤ እማዬ ትጠራኛለች። ነፍሳት ሁሉ የት ገቡ? ሳልፈልጋቸው ፊቴ ላይ ነበሩ። የቤት ዝንብ ያዝኩ፤ ከእንቁራሪቷ ጭንቅላት ይተልቃል፣ ደግሞም ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ለቀቅኩት። ከባሕር ዛፉ ሥር ጉንዳን ያዝኩ፤ ነከሰኝ። እኔን የነከሰ እነሱን ምን ያደርጋል? እሱንም ለቀቅኩት።

ጋሽ ገብረየስ ጎመናቸው ላይ ክሽክሽ የሚባለው የቅጠል ተባይ ወርሮባቸዋል። ቅጠሉን ሳራግፈው አረንጓዴ ደቃቅ ነገር እንደ ጤፍ ወረደ። እንቁራሪቶቹ ምላሳቸውን ወርወር አድርገው ለቀሙት! ጋሽ ገብረየስ ከእኔ የበለጠ ተደሰቱ። "በየቀኑ ነይ! ጎመኔን እስክታጸጂልኝ ነይ!"


ሐሙስ፣ ሐምሌ 19

ዛሬ ገብርኤል ነው፤ ምን ልሳልለት እያልኩ ሳስብ ነው ያደርኩት፤ ምንም የምሰጠው የለኝም እንጂ።

የኮሚቴው የተባይ መድኃኒት ርጭት በጓሮ አትክልት ተጀምሯል። ዛሬ ጋሽ ገብረየስ ዘንድ ስሄድ ጎመኑ ነጭ ሆኖ ይሸታል። "አባትሽ መጥተው አስረጩት" አሉኝ። "ዘመቻ ነው አሉ። እኔ ምን እላለሁ? እኔም ጎመኑን አልበላ፣ እነሱም ክሽክሹን አይበሉ፤ ሁላችንም ተረጨን።"

ከጓሮው ከረጠበ ቅጠል ሥር ነጫጭ፣ እንጣጥ የሚሉ ደቃቅ ነገሮች አገኘሁ። ይበሏቸዋል፤ ግን ቀኑን ሙሉ ለቅሜ አይጠግቡም። ትንሿ ጎኗ ገባ ያለ መሰለኝ።

ማታ እራት ላይ አባባ ከቀበሌያችን በላይ ካለው ከከፍተኛው የወረደ መመሪያ አነበቡ። እህል ያከማቸና የደበቀ ሰው እህሉ ይወረሳል፣ እሱም ይጠየቃል። እማዬ እያዳመጠች ባቄላ ትለቅማለች። ከባቄላው መካከል አንድ ነቀዝ ወጣ። ከሥሩ ባለው ብናኝ ውስጥ ደግሞ ለስላሳ፣ ነጭ፣ ደቃቅ ትል። እማዬ ቶሎ በመዳፏ ከደነችው። እኔ ግን አየሁት። ስፋቱ ልክ ነው! ለስላሳ ነው! ይንቀሳቀሳል!

"እማዬ፣ ሌላ አለ?" አልኳት።

"ምን ሌላ? በእኔ ቤት ነቀዝ የለም! ይሄ ከሱቅ የመጣ ነው!" ጆሮዋ ቀላ።

ለመጀመሪያ ጊዜ በነቀዝ ደስ አለኝ።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 21

ምን እንዳጠፋሁ በደንብ አልገባኝም፤ ግን አጥፍቻለሁ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ቀድሞ ኦሎምፒያ ሱቅ ነበራቸው፤ አሁን በሴቶች ማኅበር በኩል የአባባ ኮሚቴ አባል ናቸው። ምግባቸው ሁልጊዜ ሞልቶ የተረፈ ነው። ስለዚህ ነቀዝ ከእሳቸው ቤት አይጠፋም ብዬ አሰብኩ። በራቸውን ከማንኳኳቴ በፊት የምናገረውን አጥሩ ሥር ቆሜ ተለማመድኩት።

"ደህና ዋሉ እትዬ ዘርፌ። ነቀዝ አለዎት?"

"ምን አልሽ?"

"ነቀዝ። ወይም ትል ያለበት እህል። የቆየ።"

ፊታቸው ተለዋወጠ። ወዲያና ወዲህ አዩ። "ማን ነው የላከሽ? አባትሽ ናቸው?"

ይህ ጥያቄ ከተለማመድኩት ውስጥ አልነበረም። ዝም አልኩ።

"ገባኝ" አሉ። "ገባኝ። ለአባትሽ ንገሪያቸው። ዘርፌ ከቀበሌ ሱቅ በኩፖን የወሰደችውን ነው የምትበላው በያቸው። የቆየ እህል! እኔ ቤት? የሚቆይ ነገር የለም እኔ ቤት!"

በሩን ዘጉት። ስመለስ ከውስጥ ከባድ ነገር ሲጎተት ሰማሁ። አልጋቸውን የሚያዛውሩ ይመስለኛል። በዚያ ሰዓት ምን ታያቸው?

እማዬ ስትሰማ ራሷን ያዘች። "አንዲት የተከበረች፣ ባለሙያ ሴት ደጅ ሄደሽ ነቀዝ አለሽ ወይ አልሻት? ቅማል አለሽ ወይ ብትያት ይሻላት ነበር!" ከዚያ በኋላ ነው ሁሉንም የነገርኳት፤ ስለ እንቁራሪቶቹ፣ ስለ ዝንቦቹ፣ ስለ ሥራው። ጠርሙሶቹን አስታወሰች መሰለኝ እጆቿን አየቻቸው። "ታዲያ ለምን አትናገሪም ልጄ?"

ለአባባ እንዳትነግሪ ብዬ ለመንኳት። "እኔ ምን አገባኝ" አለችኝ። እማዬ የሰው ነገር አታወጣም።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 25

አባባ ከሥራ ሲመለሱ ሙዝ ይዘው መጡ። ቤታችን ሙዝ የሚገባው ሰው ሲታመም ነው። እማዬ፣ "ማን ታመመ?" አለቻቸው።

"ርካሽ ሆኖ ነው።"

በስብሷል። ግማሹ ጠቁሯል። አባባ ያለ ምክንያት አንዲት ሳንቲም የማያወጡ ሰው ምን ነክቷቸው እንደተታለሉ አልገባኝም። "ለሰው አይሆንም" አሉና ጋዜጣቸውን ዘረጉ። "ከማድቤቱ ኋላ፣ ሙቀት ያለበት ቦታ አስቀምጪው። ኋላ እጥለዋለሁ።"

እስካሁን አልጣሉትም። ረስተውታል። እኔም አላስታወስኳቸውም።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። እማዬ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ያዘችኝ።

"ይሄ የምትለቅሚላቸው ነገር ሥጋ ነው?"

አላውቅም አልኳት።

"ደም አለው?"

አላውቅም አልኳት።

"እንግዲያው ቅዳሴ ሳይወጣ እንዳትሰጫቸው። ከዚህ ቤት ወጥቶ በፍልሰታ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ምግብ ያቀመሰ የለም፤ ለፈረንጅ እንቁራሪትም ቢሆን።"

እሺ አልኳት፤ እንቢ ማለት ስለማልችል። ከቅዳሴ በኋላ ነው የወሰድኩላቸው። ሲያዩኝ አራቱም ወደ መስታወቱ ተንጠላጠሉ፤ አፈርኩ። ጋሽ ገብረየስ ሲሰሙ ሳቁ። "ጓለይ፣ እነሱ ከሶሻሊስት አገር ነው የመጡት። የምን ፍልሰታ ነው የምታስጾሚያቸው?" ከዚያ ደንገጥ ብለው አጥሩን አዩ፤ ማንም አልሰማም። "አብያቸው ጠዋት አብያቸው፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን" አሉ በለሆሳስ።

ከነገ ጀምሮ ጠዋት እሰጣቸዋለሁ። ለእማዬ አልነግራትም። አንድ ውሸት ሳልናገር ሁለት ሰው እያታለልኩ ነው፤ ዝምታ ለካ ብዙ ነገር ያሠራል።

እትዬ ዘርፌ ሽሮ አመጡልን። "ለአቶ ገረመው፤ ለጾሙ" ብለው። በትናንትናው ቀን ደግሞ የሱፍ ፍሬ። ባለፈው ሳምንት በርበሬ። አባባ ሽሮውን እያዩ፣ "ይቺ ሴትዮ ምን ሆነች? ስብሰባ ላይ ስናገር ቀድማ የምታጨበጭበውም እሷ ናት" አሉ።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 9

ሰዎች ጥሩ ናቸው። ዛሬ እትዬ ዘርፌ በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝና በጋዜጣ የተጠቀለለ ጣሳ ሰጡኝ።

"ይኸው የፈለግሽው። ነቀዝ ነው፤ ብናኝ ነው፤ ትል ነው። ከዚህ ሌላ የለኝም። ለአባትሽ፣ ዘርፌ ያላትን ሁሉ አስረከበች በያቸው።"

"ለአባባ አይደለም" አልኩ። ድምፄ ወጣ እንኳ። "ለእንቁራሪት ነው።"

ወደ አጥሩ ቀዳዳ ጠጋ አሉ። "እንቁራሪቷ ማን ናት? ከከፍተኛው ናት?"

ጣሳውን ይዤ ሮጥኩ። በወንፊት ነፋሁት፤ ለሳምንት የሚሆን ትል! እንቁራሪቶቹ ጠግበው ተኙ።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 10

ትንሿ እንቁራሪት በጎኗ ወድቃለች። እግሯ ይንቀጠቀጣል። ሌሎቹም ጥግ ይዘዋል።

ጣሳውን አሸተትኩት። ከብናኙ ሥር ነጭ ዱቄት አለ። የነቀዝ መድኃኒት ነው። ትናንት ለምን አላሸተትኩትም? ከሁሉም በላይ ያሉኝ ይህን ነበር። ከሁሉም በላይ።

ቅጠሉን ሁሉ አወጣሁ፤ ሳጥኑን በዝናብ ውሃ አጠብኩ፤ እሷን በመዳፌ ይዤ በውሃው አረጠብኳት። ጋሽ ገብረየስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ክፍሉ ገቡ። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ባልዲ አቀበሉኝ።

ምን መድኃኒት እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደቆየ ለማወቅ ወደ እትዬ ዘርፌ ሮጥኩ።

"እትዬ፣ እህሉ ላይ ምን ነስንሰውበታል?"

"የምን እህል?"

"ጣሳው ውስጥ የነበረው።"

"የምን ጣሳ?"

ደጃቸው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እሳቸውም ያለቀሱ ይመስለኛል፤ ግን በሩን አልከፈቱም።


ዓርብ፣ ነሐሴ 11

በሕይወት አለች። አልበላችም።


እሑድ፣ ነሐሴ 13

አንድ ነጭ እንጣጥ የሚል ነገር በላች። አየኋት። ወረወረችው ምላሷን!


ሐሙስ፣ ነሐሴ 17

ጾሙ ትናንት አለቀ፤ ረቡዕ ስለነበር እማዬ ዶሮውን ዛሬ ነው የሠራችው። ከዶሮው የበለጠ ያስደሰተኝ ሌላ ነገር ነው። አባባ ረስተውት ከማድቤቱ ኋላ የቀረው ሙዝ ላይ ደቃቅ ዝንቦች ፈልተዋል! መድኃኒት ያልነካቸው። እማዬ ያጠበቻቸውን ጠርሙሶች ከቁም ሣጥኑ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ትታቸው ወጣች። እንግዳ ይመጣል ብላ ይሆናል። ወሰድኳቸው።

ችግሩ እነዚህ ይበራሉ። የአፉን ጨርቅ አልፈው ይወጣሉ። ግን ዕድለኛ ነኝ፤ አባባ ትናንት የተሰበረ ዣንጥላቸውን ከበሩ ሥር ጥለውት አገኘሁ። ጨርቁ ስስና ጥብቅ ነው፤ ለጠርሙስ አፍ እንደተሠራ ነው። "ይጣል" አሉ ስጠይቃቸው፤ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ። ከአጥንቱ ለይቶ ለመቁረጥ እንዲመች አንድ ጎኑ ቀድሞ ተተርትሯል።

እራት ላይ አንዷ አምልጣ አባባ ብርጭቆ ውስጥ ገባች። አባባ በጣታቸው ጫፍ አወጧትና ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጧት። እስክትደርቅ ጠበቋት።

"ይቺ ፀረ ሕዝብ አይደለችም" አሉ። "ሌላ ዘር ናት።"

አባባ ስለ ዝንብ ብዙ ያውቃሉ። ኮሚቴ ስለሆኑ ነው።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 26

ኮሚቴው ዛሬ እኛ ቤት ተሰበሰበ፤ የቀበሌው አዳራሽ ለበዓሉ ቀለም እየተቀባ ስለሆነ። ውሃ ሳቀርብ አየሁ። ከጠርሙስ ያመለጡ ዝንቦቼ በሊቀ መንበሩ ጭንቅላት ላይ ክብ ሠርተው ይበራሉ። አባባ ስለ ዝንብ መጥፋት ሪፖርት እያነበቡ ነው። "በቀበሌያችን የዝንብ ቁጥር፣" አሉና ከአፍንጫቸው ላይ አንዷን አባረሩ፣ "በከፍተኛ ደረጃ ቀንሷል።"

አንድ አባል ሳቁን አፈነ። አባባ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። "እነዚህ ከጎረቤት ቀበሌ የመጡ ናቸው። ይመዝገብ።"

ተመዘገበ።

እትዬ ዘርፌ ግን ዝንቦቹን በዓይናቸው ተከትለው እስከ ማድቤት ደርሰዋል። ሁሉም ሲሄድ ከከሰሉ ጆንያ ኋላ ጎንበስ ብለው ጠርሙሶቹን ሲያዩ አገኘኋቸው። አለቀልኝ ብዬ ቆምኩ። እሳቸው ግን ቀና ሲሉ ፊታቸው በራ። ከክረምቱ መጀመሪያ ጀምሮ እንዲህ ሲስቁ አላየኋቸውም።

"የሊቀ መንበሩ ቤት!" አሉ። "ዝንብ! በጠርሙስ! አንቺ የእኔን አወቅሽ፣ እኔ የአንቺን አወቅኩ። እኩል ሆንን፤ እፎይ!"

ምኑን እንዳወቅኩ አልገባኝም፤ ግን እፎይታቸው ወደ እኔም ተጋባ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በአፌ። እንቁራሪት ማለት እንቁራሪት መሆኑን ለማሳመን ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

"ውይ የእኔ ነገር!" አሉ በመጨረሻ። "የሰጠሁሽ ከታችኛው ጆንያ ነው፤ እሱ መድኃኒት አለበት። የላይኛው ምንም አልነካውም። የምን ጆንያ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።"

አልጠየቅኩም። ማታ ከላይኛው አንድ ጣሳ ላኩልኝ። አሸተትኩት፤ በወንፊት ነፋሁት፤ ቀመስኩትም። ንጹሕ ነው።


ሐሙስ፣ ጳጉሜን 1

አራቱም ወፍረዋል። ትንሿ ዛሬ የእህቷ ጀርባ ላይ ወጥታ ምግብ ቀማቻት። ሚስስ ኢንግሪድ ሰኞ ይገባሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለዚያ የነፍሳት ክፍል በደንብ አሰብኩ፤ ነጭ ጋውን ይሰጡኝ ይሆን? መናገር የማይጠበቅብኝ ሥራ ብዬ ነበር የወደድኩት።


ዓርብ፣ ጳጉሜን 2

ነገ ጠዋት ርጭቱ የእነ ሚስስ ኢንግሪድን መንገድ ይይዛል። ቤት ውስጥ ነው የሚረጩት፤ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ከአልጋ ሥር። ጋሽ ገብረየስ ተነግሯቸዋል። "እኔ ዘበኛ ነኝ ጓለይ፤ ሌባ መመለስ እችላለሁ፣ ቀበሌን ግን እንዴት አድርጌ እመልሳለሁ?" አሉ። በሩ ላይ ቁጭ ብለው ነበር፤ ጠመንጃ እንኳ የላቸውም፤ ዱላ ነው ያላቸው። እሳቸውም እንደ እንቁራሪቶቹ ትጥቅ ፈትተዋል።

ወደ እኛ ቤት እንዳልወስዳቸው፣ የእኛም ከሰዓት በኋላ ይረጫል፤ ሊቀ መንበሩ ቤት ሳይረጭ ማን ያስረጫል? እትዬ ዘርፌ ዘንድ እንዳልወስዳቸው፣ እሳቸውም ሰው እንዳይገባባቸው አልጋ ላይ ተኝተው፣ "ተስቦ ይዞኛል" እያሉ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ሲያስነጥሱ ይሰማል፤ ተስቦ ያስነጥሳል እንዴ?

እማዬ ደግሞ ሌላ ቅሬታ አላት። "በሩፋኤል ቀን! ከሰማይ ጸበል በሚወርድበት ቀን መርዝ ሊረጩ!"

እራት ላይ አባባ ሬዲዮኑን ዝቅ አደረጉና የርጭቱን መመሪያ ከኪሳቸው አወጡ። ለብቻቸው ማንበብ ሲችሉ ጮክ ብለው አነበቡት።

"ልዩ ምክንያት ያለው ቤት፣ የቤቱ ኃላፊ በቦታው ቀርቦ ምክንያቱን በቃል ካስረዳ፣ ሳይረጭ ሊታለፍ ይችላል።" መነጽራቸውን አወለቁ። "በቃል ነው የሚለው። ሰው ወጥቶ በአፉ ካልተናገረ እኔ መርጨት ግዴታዬ ነው። ሊቀ መንበር ሰው ያለውን ያስጽፋል፤ ዝም ያለውን ምን ብሎ ያስጽፈዋል?"

ለማን እንደሚናገሩ አልገባኝም። ሬዲዮኑን ነበር የሚያዩት። እማዬ ሳል ያዛት። እኔ ሳህን ማንሣት ጀመርኩ።

"ያ ሙዝ ደግሞ" አሉ ስወጣ።

"አቤት አባባ?"

"ምንም። ርካሽ አልነበረም ለካ።"

የቤቱ ኃላፊ ማን ነው? ሚስስ ኢንግሪድ የሉም። ጋሽ ገብረየስ በር ነው የሚጠብቁት። የቤቱ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው፤ አሁን ስጽፍ ደረቴን ይቀዘቅዘኛል። እንግዲህ እኔ ነኝ።

የምናገረውን ከእራት በኋላ ሮጥ ብዬ ሄጄ ለእንቁራሪቶቹ ተለማምጄባቸዋለሁ። "ይህ ቤት አይረጭም። በውስጡ በአደራ የተቀበልኳቸው አራት ነፍስ ያላቸው ፍጥረታት አሉ። የሚበሉትን ንጹሕ ነገር የማገኘው እኔ ነኝ። መድኃኒት ከገባ ይሞታሉ።" የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ስል ትልቋ ዘወር ብላ አየችኝ። ከዚያ በላይ አድማጭ ኖሮኝ አያውቅም። ነገ ግን መርጫ ያዘሉ ሰዎች፣ ኮሚቴው፣ የሰፈር ልጆች፣ ከፊታቸውም አባባ፣ ደብተር ይዘው።

ነገ ሩፋኤል ነው። ልጆች ዝናቡ ውስጥ እየሮጡ አሳድገን የሚሉበት ቀን ነው፤ እኔ ከዚያ አልፌያለሁ ብዬ አስብ ነበር። ነገ ከሁሉም ቀድሜ እነሣለሁ። ዝንቦቹንና የእትዬ ዘርፌን ጣሳ ይዤ እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ አበላቸዋለሁ። ከዚያ በሩን ቆልፌ፣ ቁልፉን ከልብሴ በላይ አውጥቼ፣ ከጋሽ ገብረየስ ፊት እቆማለሁ። ዝናብ ቢጥልም አልጠለልም። አባባ፣ "የቤቱ ኃላፊ ማን ነው?" ሲሉ ራሴን አልነቀንቅም። "እኔ ነኝ" እላለሁ። ካልተሰማ ደግሜ እላለሁ።